«የጉዞ ቀን» ስንት ሰዓት ነው?

አውሮፓን በባቡር ለመዞር የሚሸጠው ፓስ (ኢንተርሬል ወይም ዩሬይል የሚባለው ትኬት) «በ1 ወር ውስጥ 7 የጉዞ ቀን» ሲል ብዙዎች 7 ጉዞ ብቻ ይመስላቸዋል። አይደለም። አንዱ የጉዞ ቀን ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት ነው (በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራል)፤ በዚያ ውስጥ የፈለጉትን ያህል ባቡር ይሳፈራሉ። ፕራግ ላይ ሦስት ቀን ቢያርፉ ምንም አይቆጠርም።

የሚያደናግረው የሌሊት ባቡር ነው። ማታ ከቪየና ተነስተው ሳይቀይሩ ጠዋት ሮም ቢገቡ የሚቆጠረው የተነሱበት ቀን ብቻ ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ ባቡር ከቀየሩ ግን ሁለተኛ ቀን ይሄድባችኋል።

ፓሱ ወንበር አያስይዝም። ለፈረንሳይ ፈጣን ባቡሮችና ለሌሊት ባቡሮች የቦታ ማስያዣ ለብቻው ይከፈላል፤ በእኔ አስተያየት ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው።

ዘመዳሞች አብረው ሲጓዙ ደግሞ ፍራንክፈርት ነዋሪ የሆነው ኢንተርሬል (ለአውሮፓ ነዋሪዎች የሚሸጠውን)፣ ከዋሽንግተን የመጣችው የአክስቱ ልጅ ዩሬይል (ከአውሮፓ ውጭ ለሚኖሩ የሚሸጠውን) ይገዛሉ። ባቡሩ አንድ ነው። ልዩነቱ፣ ለእሱ ፓሱ በሚኖርበት አገር በጀርመን ውስጥ የሚሠራው ለመውጫና ለመመለሻ ብቻ ነው።