የስልክ ሲስተም ኤረር ሎግ ምንድን ነው?

የመሥሪያ ቤት ስልክ እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚደረገው የታወቀ ነው፤ ነቅሎ መሰካት። አንዳንዴ ይሠራል። ግን ምን ነክቶት እንደነበር ሳይታወቅ ስለሚቀር ችግሩ ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል። የሚያናድደው፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያው ሲስተሙ ውስጥ ተጽፎ መቀመጡ ነው። ሎጋቸውን በጊዜያዊ ሜሞሪ ብቻ የሚይዙ ስልኮች ደግሞ ሲነቀሉ ጽሑፉ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመንቀላችሁ በፊት አንብቡት፣ ቢያንስ ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡት።

ሎግ ማለት ሲስተሙ የሚሠራውንና የሚገጥመውን ከነሰዓቱ የሚጽፍበት ፋይል ነው። ጥሪ ሲገባ ይጽፋል። ስልክ ጥሪዎቹን ከሚያስተናግደው ኮምፒውተር፣ ከሰርቨሩ፣ ሲለይ ይጽፋል። የይለፍ ቃል ሲሳሳትም ይጽፋል። በአብዛኛው እያንዳንዱ መስመር ላይ ሰዓቱ፣ የጻፈው ክፍል፣ መልእክቱና የክብደት ደረጃው አሉ። ደረጃው ኤረር (ስህተት)፣ ዋርኒንግ (ማስጠንቀቂያ)፣ ኖቲስ (ማሳወቂያ) ወይም ዲበግ (ብልሽት ለመፈለግ የሚጻፍ ዝርዝር) ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ኤረር የሚለውን ብቻ ፈልጎ ሌላውን ይዘለዋል። ይሄ ጥሩ ልማድ አይደለም፤ የችግሩ መነሻ ኖቲስ ተብሎ በተጻፈ አንድ ተራ መስመር ላይ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ዛሬ አብዛኛው አዲስ የቢሮ ስልክ በኔትወርክ ላይ ነው የሚሠራው። ጥሪ የሚጀመርበትና የሚዘጋበት ፕሮቶኮል ሲፕ ይባላል፣ ዋናው ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2002 ወጥቷል። ሎጉ ውስጥ የምታዩዋቸው ሦስት አሃዝ ቁጥሮች የሱ መልሶች ናቸው። 200 ተሳክቷል ነው። 404 እንዲህ ያለ ቁጥር አላውቅም ነው። 408 በጊዜው መልስ አልመጣም፣ 486 ተይዟል፣ 503 ደግሞ አገልግሎቱን አሁን መስጠት አልችልም ማለት ነው። 488 ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱ ወገኖች በኮዴክ፣ ማለትም ድምፁ ወደ ዳታ በሚቀየርበት ዘዴ፣ አልተስማሙም።

ቁጥሩን ብቻ ነጥሎ ማንበብ ግን ያሳስታል። 401ን ውሰዱ። ስልኩ ልመዝገብ ሲል ሰርቨሩ በ401 መጀመሪያ ማንነትህን አረጋግጥ ይለዋል፣ ስልኩም ከይለፍ ቃሉ የተሰላ መልስ ይዞ ይመለሳል፣ ከዚያ 200 ይመጣል። ይህ ጤነኛ ሥራ ነው። 401 ብቻ እየተደጋገመ 200 የማይመጣ ከሆነ ግን የይለፍ ቃሉን ወይም የተጠቃሚ ስሙን ፈትሹ። የተደጋገመው ከማታውቁት የኢንተርኔት አድራሻ ከሆነ ነገሩ ብልሽት አይደለም። አንድ ሰው የውስጥ ቁጥሮቻችሁን እየሞከረ ነው፤ ከተሳካለት በእናንተ ሒሳብ ውጭ አገር ይደውላል። እሱን ዛሬውኑ ዝጉት። 487ም እንዲሁ ያስደነግጣል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ደዋዩ ሳይነሳለት ዘጋው ማለት ብቻ ነው።

እንግዲህ ዋናው ነገር የአንድን ጥሪ ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መከተል ነው። እያንዳንዱ ጥሪ ኮል አይዲ የሚባል የራሱ መለያ አለው። በሱ ፈልጉ፣ የዚያ ጥሪ መልእክቶች ተሰብስበው ይወጣሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ያልተለመደ ነገር ፈልጉ፣ የመጨረሻውን አይደለም። መቶ ጊዜ የተጻፈ 503 አይታችሁ መስመር አቅራቢው ላይ ከመጮህ በፊት ትንሽ ወደ ላይ ውጡ። ምናልባት ከደቂቃዎች በፊት ሰርቨሩ የአቅራቢውን ስም ወደ አድራሻ መቀየር አቅቶት ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የዲኤንኤስ ነው፣ መቶው 503 የሱ ውጤት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የስልኩ፣ የራውተሩና የሰርቨሩ ሰዓት አንድ ከሆነ ብቻ ነው።

በጣም የምወደው ምሳሌ በ32ኛው ሴኮንድ ላይ የሚቋረጥ ጥሪ ነው። ሰዎቹ ደህና እያወሩ፣ ሁልጊዜ እዚያው አካባቢ ሲደርሱ ጥሪው ይዘጋል። የኔትወርክ ፍጥነት ይመስላል፣ አይደለም። ጥሪ ሲነሳ ያነሳው ወገን 200 ይልካል፣ የደወለው ደግሞ ደርሶኛል የሚል አክ የተባለ መልእክት መመለስ አለበት። አኩ መንገድ ላይ ከጠፋ ያነሳው ወገን 200ውን ደጋግሞ ይልካል፤ መጀመሪያ ከግማሽ ሴኮንድ በኋላ፣ ከዚያ እየራቀ በየ4 ሴኮንዱ። ደንቡ የሚሰጠው ጊዜ 32 ሴኮንድ ነው፣ እሱ ሲያልቅ ይዘጋዋል። ድምፁ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ እስከዚያ ወሬው ይቀጥላል። ሎጉ ላይ አንድ ዓይነት 200 ተደርድሮ አክ ከሌለ ነገሩ ግልጽ ነው። አንደኛው ወገን ከውጭ የማይደረስበት የውስጥ አድራሻውን ሰጥቷል፣ ወይም የሲፕ መልእክቶችን የሚነካካው፣ ኤኤልጂ የሚባለው የራውተሩ ተግባር አበላሽቶታል። ኤኤልጂውን አጥፍታችሁ ሞክሩ።

አንዳንዴ ደግሞ ሎጉ ንጹሕ ነው፣ ሰውየው ግን አይሰማኝም ይላል። እመኑት። ሲፕ በተለምዶ በ5060 ፖርት (ቁጥር በተሰጠው የኔትወርክ በር) ሲሄድ ድምፁ በሌሎች ፖርቶች ነው የሚያልፈው፤ አስቴሪስክ በሚባለው የስልክ ሰርቨር ሶፍትዌር ላይ የተለመደው ከ10000 እስከ 20000 ነው። ንጹሑ ሎግ የሚነግራችሁ ጥሪው በትክክል መያያዙን ነው። ስለዚህ ፋየርዎሉን ፈትሹ፣ ለድምፅ የተሰጠው አድራሻ ላይ በ192.168 የሚጀምር የውስጥ ቁጥር ወደ ውጭ እየወጣ እንደሆነም እዩ።

ዲበግ ችግሩን እየደገማችሁ ስትሞክሩ ብቻ ይከፈት። ሳይዘጋ ከተረሳ ዲስክ ይሞላል፣ ዲስክ ሲሞላ ደግሞ የድምፅ መልእክትና የጥሪ ቅጂ ይቆማል። ሎግ ለሌላ ሰው ስትልኩ የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ሸፍኑ፣ በስልኩ የተጫኑ ሚስጥር ቁጥሮች ተጽፈው ከሆነም አጥፉ። ለመስመር አቅራቢው ግን የተበላሸውን ጥሪ ደዋይና ተደዋይ ቁጥር አትደብቁ። ሰዓቱን ከነሰዓት ቀጠናው፣ ኮል አይዲውንና የመጣውን ኮድ ጨምራችሁ ስጡት። አልፎ አልፎ ይቋረጣል ብቻ ካላችሁት የሚፈልግበት ቦታ የለውም።