የዲስክ ሊንክ ምንድን ነው? ለምንስ ይጠፋል?

ሊኑክስ ሲነሳ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) ያገኛቸውን ዲስኮች ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ፣ ኤስዲሲ እያለ በተገኙበት ተራ ይሰይማቸዋል። ተማሪን በስሙ ሳይሆን በወንበር ቁጥሩ እንደመጥራት ያለ ነው፤ ዛሬ ኤስዲኤ የተባለው ዲስክ ነገ ኤስዲቢ ሆኖ ሊነሳ ይችላል። በዚህ ስም ብቻ ተማምኖ ዲስክ ፎርማት የሚያደርግ ሰው ያልታሰበውን ዲስክ ሊያጠፋ ይችላል።

ቋሚ ስም የሚሰጠው ዩዴቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ብቅ ያለው ይህ ፕሮግራም በ2012 የሊኑክስ አገልግሎቶችን ከሚያስጀምረውና ከሚያስተዳድረው ከሲስተምዲ ጋር ተዋህዷል። ከርነሉ አዲስ ዲስክ ማግኘቱን ሲያሳውቀው ዩዴቭ ዲስኩን ይመረምርና ዴቭ በሚባለው ማውጫ ውስጥ፣ ዲስክ በሚለው ንዑስ ማውጫ ሥር ሊንኮችን፣ ማለትም ወደ ዲስኩ የሚጠቁሙ ስሞችን፣ ያኖራል። ባይ-አይዲ በሞዴልና በሴሪያል ቁጥር፣ ባይ-ዩዩአይዲ በፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች በዲስኩ ላይ በሚደራጁበት ሥርዓት) መለያ፣ ባይ-ፓዝ ደግሞ ዲስኩ በተሰካበት ቦታ የተሠሩ ናቸው።

እንግዲህ ሊንኩ ጠፋ ማለት ዲስኩ ጠፋ ማለት አይደለም። በመጀመሪያ ኤልኤስቢኤልኬ በሚባለው ትእዛዝ ከርነሉ ዲስኩን ማየት አለማየቱን ያረጋግጡ። ካላየው ችግሩ ኬብል፣ ኃይል ወይም ድራይቨር ነው፤ የከርነሉን መልእክቶች ያንብቡ። ካየው ግን የጎደለው ስም ብቻ ነው፤ የትኛው ስም እንደጎደለም ምክንያቱን ይጠቁማል።

ባይ-አይዲ ከጠፋ ዲስኩ ሴሪያል ቁጥሩን አልተናገረም ማለት ነው። ይህ በቨርቹዋል ማሽኖች የተለመደ ነው። ቨርትአይኦ የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ዲስክ ሲፈጠር ሴሪያል ካልተሰጠው ሊንኩ አይፈጠርም፤ ቪኤምዌር በተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሶፍትዌር ላይ ደግሞ «ዲስክ ኢኔብል ዩዩአይዲ» የተባለው ቅንብር መብራት አለበት። ለሁሉም ዲስክ አንድ ዓይነት ሴሪያል የሚናገሩ የዩኤስቢ ማገናኛዎችም አሉ፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ዲስኮች በአንድ ስም ይጋጩና ሊንኩ ወደ አንዱ ብቻ ይጠቁማል። አንዱ ዲስክ በሌላው ላይ ሙሉ በሙሉ ሲገለበጥም ባይ-ዩዩአይዲ ላይ ተመሳሳይ ግጭት ይፈጠራል።

ባይ-ዩዩአይዲ ከጠፋ ቀላሉ ምክንያት ዲስኩ ገና ፋይል ሲስተም የሌለው መሆኑ ነው። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላም ምክንያት አለ። ቀድሞ የሬይድ ወይም የዜድኤፍኤስ (ብዙ ዲስኮችን አጣምረው የሚያሠሩ ሥርዓቶች) አካል የነበረ ዲስክ በደንብ ሳይጸዳ በአዲስ ፋይል ሲስተም ሲሠራ የድሮው ፊርማ፣ ማለትም የዲስኩን ይዘት ዓይነት የሚናገረው ምልክት፣ ከአዲሱ ጎን ይቀራል። ዩዴቭ ሁለት የሚጋጩ ፊርማዎች ሲያገኝ አንዱን መምረጥ ትቶ ሊንኩን ጭራሽ አይሠራም። ውስጡ ያለው መረጃ ግን ደህና ነው፤ እባክዎ በዚህ ሰዓት ፎርማት አያድርጉ። ዋይፕኤፍኤስ የተባለው ትእዛዝ ያለ ምንም ተጨማሪ አማራጭ ሲሠራ ፊርማዎቹን ከነቦታቸው ያሳያል እንጂ አያጠፋም። መረጃውን ወደ ሌላ ዲስክ ከገለበጡ በኋላ አሮጌውን ፊርማ ብቻ ለይተው ያስወግዱ።

አንዳንዴ ሁሉም ነገር ትክክል ሆኖ ዩዴቭ ከከርነሉ የሚላከውን ማሳወቂያ (ክስተቱን) ሳያገኘው ያልፋል። ያኔ «ዩዴቭአድም ትሪገር» የተባለው ትእዛዝ ክስተቱን እንደገና ያስነሳል፤ «ዩዴቭአድም ሴትል» ደግሞ ሥራው እስኪያልቅ ይጠብቃል። ዲስክ ከፋፍሎ ወዲያው ሊንኩን የሚፈልግ ስክሪፕት ሁለተኛውን ትእዛዝ በመካከል ማስገባት ይኖርበታል። ኮንቴነር (በዋናው ማሽን ላይ ተነጥሎ ፕሮግራም የሚሠራበት ክፍል) ውስጥ ከሆኑ ግን ዩዴቭ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ሊንኩን ከዋናው ማሽን ይፈልጉት።