የጣና ነጭ ዓሳ ጫጩቶች የት ያድጋሉ?

ባሕር ዳር ገበያ ላይ ነጭ ዓሳ ተብሎ የሚሸጠው አንድ ዝርያ ብቻ አይደለም። ላቤዎባርበስ በሚባለው ወገን ጣና ውስጥ 15 ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ የትም አይገኙም። 40 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣ ዓሳ ሽቅብ እንዳይወጣ ስለሚከለክል፣ እዚሁ ተገልለው የየራሳቸውን መልክና አመጋገብ አወጡ። ሌሎች ዓሳዎችን እየበላ የሚኖረው እንኳ ብዙ ነው። በፊሊፒንስ ላናው ሐይቅም ተመሳሳይ የዓሳ ቤተሰብ ነበር፤ ዛሬ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል።

ግማሽ ያህሉ ዝርያዎች እንቁላል የሚጥሉት ሐይቁ ውስጥ አይደለም። ክረምቱ ሲገባ፣ ከሐምሌ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ፣ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ግልገል ዓባይና ሌሎችም ገባር ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። ዋናው ወንዝ በዚያ ሰሞን ጭቃ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከዋናው ወንዝ ወደ ትንንሾቹ ጅረቶች ይታጠፋሉ። የሚፈልጉት ጥሩ ጠጠር፣ ንጹሕና ፈጣን ውሃ ነው። እንቁላሉ በጠጠሩ መሀል ይቀመጣል፤ ኦክስጅን የሚያገኘውም ውሃው በመሀሉ ሲያልፍ ነው። ደለል ከሸፈነው ይታፈናል።

ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ በኋላ ፈጣኑን ውሃ አይችሉትም። ወራጁ ወደ ታች ይወስዳቸዋል፣ እነሱም ዝግ ባለ ዳርቻና በኩሬዎች ይጠለላሉ። ከዚያ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። የሚያድጉትም በዳሩ፣ ደንገልና ሣር ባለበት ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። ሁሉም ግን አይወርዱም። አንዳንዶቹ ወንዙ ሲደርቅ ኩሬ ውስጥ ይቀሩና በጋውን እዚያው ያሳልፋሉ። እንግዲህ በየካቲት የምናያት ያቺ ትንሽ ቆሻሻ ኩሬ ለእነሱ ቤት ናት።

በቀዝቃዛው ሰሜን ሳልሞን የተባለው ዓሳ ጫጩት ወንዝ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በብርዱ ወራት ውሃው ሲቀዘቅዝ ቀን በድንጋይ ስር ይደበቅና ሌሊት ምግብ ፍለጋ ይወጣል። የኛው ዓሳ ጭንቀት ብርድ ሳይሆን ድርቀት ነው።

ችግሩ ሰውም ያንኑ ቦታ መፈለጉ ነው። ዓሳ አጥማጁ ዓሳው ሊወጣ በተሰበሰበበት ወቅት መረቡን የወንዙ አፍ ላይ ይዘረጋል። ዘዴው ቀላል ነው፣ ገቢውም ጥሩ፤ ማን ይተወዋል? አንዳንዴ ዓሳ ለማደንዘዝ የብርብራ ፍሬ ወንዝ ውስጥ ይጨመራል። ጠጠሩና አሸዋው ለግንባታ ይጫናል። በበጋ ደግሞ ፎገራ ላይ ለመስኖ የሚተከለው ሞተር ኩሬውን ይመጥጠዋል። ገበሬውም ሽንኩርቱን ማጠጣት አለበት፣ ልንፈርድበት አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2001 መካከል የተደረገ ክትትል የጫጩቶቹ ቁጥር በ90 በመቶ ገደማ መውረዱን አሳይቷል። ዛሬ የጣና ጣጣ ሁሉ በእንቦጭ ይላከካል። እንቦጭ ሐይቁ ላይ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ ይህ ከሆነ ከአሥር ዓመት በኋላ።