በራስ ማሳተም ምንድን ነው? የሕንድ አጫጭር ልቦለዶች የሚወጡበት መንገድ

የሕንድን የኢንተርኔት መጽሐፍ መደብሮች የሚያስስ ሰው ስሙን ሰምቶት የማያውቀው ደራሲ የጻፈው፣ ከመቶ ገጽ ብዙም የማያልፍ የአጫጭር ልቦለዶች መድብል ደጋግሞ ያጋጥመዋል። ሽፋኑ ላይ የታወቀ አሳታሚ ስም የለም። መጽሐፉን ያወጣው ደራሲው ራሱ ነው፤ አርታኢ የፈለገው፣ ሽፋን ያሠራው፣ ዋጋ የተመነው፣ አንባቢም የሚያፈላልገው እሱ ነው። በራስ ማሳተም የሚባለው ይኸው ነው፦ የአሳታሚን ሥራ ከነወጪው መሸከም፣ የቅጂ መብትንም በእጅ ማቆየት። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከኪሱ ከፍሎ ያሳተመና መጽሐፉን ለአከፋፋይ ያስረከበ የአማርኛ ደራሲ ብዙ ነው።

አጭር ልቦለድ በዚህ በር መግባት የሚያበዛበት ምክንያት አለው። አሳታሚዎች መድብል እንደ ረጅም ልቦለድ አይሸጥም ብለው ስለሚያስቡ፣ በተለይ ስም የሌለውን ጀማሪ «መጀመሪያ ረጅም ልቦለድ አምጣ» ይሉታል። ይህ ፍርድ የገበያ እንጂ የጥራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ ልቦለድ የሚሰጠውን ዓለም አቀፉን የቡከር ሽልማት ያሸነፈችው ሕንዳዊቷ ባኑ ሙሽታቅ ሽልማቱን ያገኘችው በደቡብ ሕንድ በሚነገረው በካንናዳ ቋንቋ በጻፈቻቸው 12 አጫጭር ታሪኮች ነው። የአጫጭር ልቦለድ መድብል ያንን ሽልማት ሲወስድ የመጀመሪያው ነበር። ታሪኮቹን የጻፈቻቸው ከ30 ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ ነው።

በራስ ማሳተም ኢንተርኔት የወለደው ነገር የሚመስለው ካለ፣ የሕንዳዊውን ደራሲ የአር. ኬ. ናራያንን ታሪክ ይመልከት። ናራያን ይኖር የነበረው በደቡብ ሕንድ ማይሶር ከተማ ሲሆን፣ በእንግሊዝኛ ይጽፍ ስለነበር የመጀመሪያዎቹ ልቦለዶቹ የታተሙት ለንደን ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ከእንግሊዝ አሳታሚዎች ጋር የነበረው ግንኙነት ተቋረጠ። ጦርነቱ እስኪያልቅ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ እ.ኤ.አ. በ1942 እዚያው ማይሶር የራሱን ማሳተሚያ አቋቋመ። በዓመቱ «የማልጉዲ ቀናት» የተባለውን የአጫጭር ልቦለዶች መድብል ያወጣው በዚሁ ነው። ማልጉዲ ናራያን የፈጠራት ከተማ ናት። በእኔ እምነት ዛሬ ሕንድ ውስጥ በራሱ ለሚያሳትም ወጣት ከዚህ የተሻለ አብነት የለም። ናራያን ወደዚህ መንገድ የገባው ጽሑፉ ደካማ ሆኖ አልነበረም፤ መንገዱ ስለተዘጋበት ሌላ ጠረገ። ሁሉም ግን እንደሱ አልቀናውም። ታላቁ የሂንዲና የኡርዱ ደራሲ ፕሬምቻንድ እ.ኤ.አ. በ1923 ባናራስ ከተማ ላይ የከፈተው ማተሚያ ቤት ዕዳ ውስጥ ከትቶታል።

ዛሬ የቀለለው ነገር ወጪው ነው። ድሮ ደራሲው አምስት መቶ ወይም ሺህ ቅጂ አሳትሞ ያልተሸጠውን አልጋ ሥር ይከምር ነበር። አሁን መጽሐፉ አንባቢ ሲያዝ አንድ አንድ እየሆነ ይታተማል፤ በቼናይ ከተማ ያለው ኖሽን ፕሬስና በቤንጋሉሩ ከተማ ያለው ፖቲ የተባሉ ድርጅቶች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ። በኢ-መጽሐፍ፣ ማለትም በስክሪን በሚነበብ መልክ፣ ለማውጣት የመረጠ ደግሞ በአማዞን ኩባንያ የኢ-መጽሐፍ መሸጫ በኪንድል በኩል ያልፋል። የደራሲው ድርሻ 35 ወይም 70 በመቶ ነው፤ ሕንድ ውስጥ በሚሸጠው ላይ 70ውን ለማግኘት ግን ኢ-መጽሐፉን ለአማዞን ብቻ መስጠት ግድ ነው። መጽሐፍን ለመለየት የሚያገለግለውን ዓለም አቀፍ ቁጥር፣ አይ.ኤስ.ቢ.ኤን፣ የሕንድ መንግሥት በራጃ ራምሞሁን ሮይ ስም በተሰየመው ኤጀንሲው በኩል በነጻ ይሰጣል። በብዙ አገር ደራሲው ይህን ቁጥር በገንዘብ ነው የሚገዛው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አሳታሚ ነን እያሉ ከደራሲው ገንዘብ የሚቀበሉ አሉ። ሥራህ ድንቅ ነው፣ ተመርጠሃል ይሉታል፤ ቀጥሎ «ፓኬጅ» ያቀርቡለታል። እውነተኛ አሳታሚ ለደራሲው ይከፍላል እንጂ ከደራሲው አይቀበልም። ለኅትመት አገልግሎት መክፈል በራሱ ነውር የለውም፣ ዋጋው ግልጽ ከሆነና መብቱ ከደራሲው እጅ ካልወጣ። ክፉው ነገር ገንዘቡንም መብቱንም አንድ ላይ መውሰዳቸው ነው። ስለዚህ ፈራሚው መብቱ ለስንት ዓመት እንደሚያዝ፣ ትርጉምንና ፊልምን እንደሚጨምር፣ ውሉስ እንዴት እንደሚፈርስ ሳያነብ ብዕር ማንሣት የለበትም።

የእነዚህ መጻሕፍት ትልቁ ድክመት አርትዖት ነው። ገንዘብ ሲያጥር ደራሲው መጀመሪያ የሚተወው አርታኢውን ነው፤ አጭር ልቦለድ ደግሞ ስሕተት መሸሸጊያ የለውም። በረጅም ልቦለድ ውስጥ አንድ የላላ ምዕራፍ ይታለፋል፤ በስምንት ገጽ ታሪክ ውስጥ አንድ የላላ አንቀጽ ሁሉን ያበላሻል። ለመግዛት ያሰበ አንባቢ መደብሩ በነጻ የሚያሳየውን የመጀመሪያ ታሪክ እስከ መጨረሻው ያንብብ፤ የምስጋናው ገጽ ላይ አርታኢ መጠቀሱንም ይይ። ከወደደው ሁለት ሦስት መስመር አስተያየት ይጻፍለት። ማስታወቂያ የሚሠራለት ድርጅት ለሌለው ደራሲ፣ ቀጣዩን ገዢ የሚያመጣለት ይህ አስተያየት ነው።