ሚዲያ ቪዚቢሊቲ ምንድን ነው? የግድቡ ዜና ላይ ማን ይታያል?

ባጭሩ አንድ አገር ወይም ድርጅት ዜና ላይ ምን ያህል ይታያል የሚለው ነው። አሜሪካ፣ አፍሪካ ህብረት፣ ዓለም ባንክ ስማቸው ስንት ዜና ላይ አለ፣ ርዕሱ ላይ ነው ወይስ ማንም የማያነበው መጨረሻው አንቀጽ ላይ፣ ራሳቸው ይናገራሉ ወይስ ሌላ ሰው ነው ስለነሱ የሚያወራው? ድሮ አጥኚዎች ጋዜጣ እየገለጡ ነበር የሚቆጥሩት፣ አሁን ሶፍትዌር ነው።

ግን መታየትና መስራት ለየቅል ናቸው። የህዳሴ ግድብን ውሰዱ። እ.ኤ.አ. 2020 ጁን መጨረሻ ላይ ድርድሩ ወደ አፍሪካ ህብረት ሄደ፣ ያኔ ሊቀመንበሯ ደቡብ አፍሪካ ስለነበረች ፕሬዚዳንቷ ራማፎሳ ያዙት፣ ኮቪድ ነውና በቪዲዮ እየተገናኙ የሶስቱ አገር (የኢትዮጵያ፣ የግብፅና የሱዳን) ባለሙያዎችና ሚኒስትሮች ስለ ውሃ ሙሌቱና ስለ ድርቅ ጊዜ አለቃቀቅ ወራት ሙሉ ሲከራከሩ ከረሙ፣ አሰልቺ ነው፣ ማን ክሊክ ያደርገዋል። ከዛ ኦክቶበር 23 ትራምፕ ስለ ሱዳንና እስራኤል ስልክ እያወሩ በመሃል ግብፅ ግድቡን ታፈነዳዋለች የሚል ነገር ጣል አደረጉ። በቃ፣ በየቋንቋው ርዕስ ሆነ! ግድቡን ሲገነባ የኖረው የጣልያኑ ሳሊኒ (አሁን ዊቢልድ) ግን በዚያ ሁሉ ጫጫታ ውስጥ ስሙን ያነሳው ስንቱ ነው?

ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። ጋልቱንግና ሩገ የሚባሉ የኖርዌይ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1965 የኮንጎን፣ የኩባንና የቆጵሮስን ቀውስ ዜናዎች አይተው ኃያል አገርና ትልቅ ሰው ያለበት ነገር ዜና የመሆን እድሉ ሰፊ ነው ብለው ጽፈዋል። ኦንላይን ሲሆን ደግሞ ይባስ፣ እንደ ሮይተርስ ወይም ኤኤፍፒ ያለ የዜና ወኪል አንዴ የጻፈውን ሌላው ሳይት እንዳለ ይለጥፈዋል፣ እኛም ጋ ተተርጉሞ ይወጣል፣ ስለዚህ አንዷ ዜና መቶ ሆና ትቆጠራለች።

አማርኛ ላይ መቁጠሩ ራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካ አንዴ ዋሽንግተን ነች፣ አንዴ ዩናይትድ ስቴትስ፣ አንዴ ዋይት ሃውስ፣ ላዩ ላይ «በ» እና «የ» ይለጠፍበታል፣ ይሄን ሁሉ ለፕሮግራሙ ካልነገሩት ግማሹን ያልፈዋል። አፍሪካ ህብረት ደግሞ በተቃራኒው ያለስራው ይቆጠርለታል፣ በየዓመቱ ጉባኤው ሲደርስ «በአፍሪካ ህብረት ዙሪያ የሚዘጉ መንገዶች» የሚለው የትራፊክ ማስታወቂያ ሁሉ የህብረቱ ሽፋን ተብሎ ይገባል።