የሕፃናት ሪፍሌክሶሎጂ ምንድን ነው?

ሪፍሌክሶሎጂ የውስጥ እግርን በጣት እየተጫኑ ሌላውን የሰውነት ክፍል መርዳት ይቻላል ብሎ የሚያምን የእሽት ዓይነት ነው። እጅና ጆሮ ላይም ይሠራል፤ ዋናው ግን እግር ነው። መላው ሰውነት በውስጥ እግር ላይ እንደ ካርታ ተስሏል ይላል። ጣቶቹ ጭንቅላት ናቸው። ከጣቶቹ ሥር ያለው ወፈር ያለ ሥጋ ደረትና ሳንባ ነው። መሃሉ ጨጓራና አንጀት፣ ተረከዙ ዳሌ። ከአውራ ጣት እስከ ተረከዝ ያለው የውስጥ ጠርዝ አከርካሪ ነው። ጉበት በቀኝ እግር፣ ልብ በግራ። በዚህ ሐሳብ መሠረት ሆዱን የቆረጠው ልጅ የእግሩ መሃል ሲታሽ ይሻለዋል።

ለሕፃናት ሲሆን ጫናው በጣም ይቀንሳል። አዋቂ ላይ አውራ ጣት ጠንከር ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ ሕፃን ላይ ግን ከመዳበስ ብዙም አይዘልም። የሚሞከረውም ለለቅሶ፣ ለሆድ ቁርጠት፣ ለሆድ ድርቀት፣ ለእንቅልፍ ማጣትና ለጥርስ ማውጣት ሕመም ነው። እንግሊዝ አገርን በመሳሰሉ ቦታዎች አዲስ ወላጆች ከፍለው የሚማሩበት ኮርስ አለው። ባለቀለሙ የእግር ካርታም በስልክ ከእናት ወደ እናት ይዘዋወራል፤ «እዚህ ጋ ጫን አድርጊው፣ ወዲያው ይለቀዋል» ከሚል ምክር ጋር።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ካርታው አልተረጋገጠም። የእናት ወይም የአባት እጅ ግን በእውነት ያረጋጋል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ ካልተለዩ ወይ ጥሩውን ነገር እንጥላለን፣ ወይ ሐኪም ማየት ያለበትን ልጅ እግሩን እያሸን ቤት እናቆያለን።

ካርታው ከየት መጣ? ብዙ ሰው ጥንታዊ የሩቅ ምሥራቅ ጥበብ ይመስለዋል። እግር ማሸት በእርግጥ በብዙ አገር የቆየ ነው። አሁን የምናየው ካርታ ግን አሜሪካ ውስጥ የተሠራ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ዊልያም ፊትዝጄራልድ የሚባል የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ኮኔቲከት ውስጥ ሃርትፎርድ ከተማ ይሠራ ነበር። ሰውነትን ከራስ እስከ እግር በ10 ቀጥ ያሉ መስመሮች ከፈለው። አንዱን ቦታ ስትጫን በዚያው መስመር ላይ ያለ ሌላ ቦታ ሕመሙ ይቀንሳል አለ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1917 (ቀጥሎ ያሉት ዓመቶችም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከኤድዊን ባወርስ ጋር በመጽሐፍ አወጣ። ከዚያ ዩኒስ ኢንግሃም የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በ1930ዎቹ ትኩረቱን ወደ እግር አዞረችው። የታካሚዎቿን እግር እየተጫነች፣ የሚያማቸውን ቦታ ካለባቸው በሽታ ጋር እያዛመደች ካርታውን ሣለች። በ1938 አሳተመችው። ዶሪን ቤይሊ ደግሞ በ1960ዎቹ ወደ እንግሊዝ ወሰደችው።

ኢንግሃም ከልቧ ትሠራ እንደነበር አልጠራጠርም። ግን ከውስጥ እግር ተነስቶ በቀጥታ ወደ ጉበት ወይም ወደ አንጀት የሚሄድ ነርቭ የለም። የእግር ነርቭ ወደ ኅብለ ሰረሰር፣ ከዚያ ወደ አንጎል ነው የሚሄደው። በእንግሊዝ የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ኤድዛርድ ኧርንስት ጥናቶቹን ሰብስበው በ2009 መረመሩ፤ በ2011 ደግሞ ደገሙት። ሁለቱም ጊዜ መደምደሚያቸው አንድ ነው፦ ሪፍሌክሶሎጂ ለየትኛውም በሽታ እንደሚሠራ አሳማኝ ማስረጃ አልተገኘም። የአውስትራሊያ መንግሥትም ተመሳሳይ ምርመራ አስደርጎ ከሚያዝያ 2019 ጀምሮ ሪፍሌክሶሎጂን ከግል የጤና መድን ሽፋን አወጣው።

ሕፃን ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጨመራል። የአራስ እግር ደልዳላ ነው። ካርታው ላይ አንጀት የሚባለው መሃለኛው ጎድጓዳ ገና አልተሠራም፤ በስብ ተሞልቷል። ቅርጹ የሚወጣው ልጁ ቆሞ ከሄደ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው። አጥንቱም ብዙው ገና ለስላሳ ነው። ለዚህ ነው ጠንክሮ መጫን ፈጽሞ የማይመከረው።

ያም ሆኖ የሕፃን እግር እጅ ሲነካው መልስ ይሰጣል። ከጣቶቹ ሥር ያለውን ሥጋ ጫን ስታደርጉት ጣቶቹ ይታጠፋሉ፤ ጣታችሁን ሊይዝ የፈለገ ይመስላል። የእግሩን የውጭ ጠርዝ ከተረከዝ ወደ ላይ ስትዳብሱት ደግሞ አውራ ጣቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሌሎቹ ይበታተናሉ። ሁለተኛውን ጆሴፍ ባቢንስኪ የሚባል የፓሪስ የነርቭ ሐኪም በ1896 ጽፎታል፤ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ልጁ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላው ይጠፋል። ሐኪሞች ይህን የሚያዩት ነርቩ በትክክል መሥራቱን ለማወቅ ነው። እናንተም እግሩን ስትነኩ ጣቶቹ ቢታጠፉ ወይም ቢበተኑ አሟችሁት ማለት አይደለም። «ጉበቱ መልስ ሰጠ» ማለትም አይደለም።

ታዲያ የሚያረጋጋው ምንድን ነው? ቆዳችን ውስጥ ቀስ ያለ ዳሰሳን ብቻ የሚያዳምጡ ቀጫጭን ነርቮች አሉ። ፈጥናችሁ ብታሹ አይነቁም። እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ብትጫኑም እንደዚያው። በሰከንድ 3 ሴንቲሜትር ያህል በሚጓዝ ሞቅ ያለ እጅ ግን ይነቃሉ። በ2018 የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ አራሶች ላይ ሞከሩት። ለደም ምርመራ ተረከዛቸው ከመወጋቱ በፊት ቆዳቸውን በለስላሳ ብሩሽ በዚያ ፍጥነት ዳበሷቸው። አንጎላቸው ለሕመሙ የሰጠው ምላሽ ቀነሰ። ፈጠን ተደርጎ ሲዳበስ ግን ያን ያህል ለውጥ አልታየም።

እነዚህ ነርቮች በብዛት ያሉት ፀጉር በሚያበቅል ቆዳ ላይ ነው፤ ባት፣ ቅልጥም፣ ክንድ፣ ጀርባ። ውስጥ እግር ላይ እምብዛም አይገኙም። ስለዚህ ካርታውን ትታችሁ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ብትዳብሱ ይሻላል ባይ ነኝ። የትንሽ ሕፃን ቅልጥም አጭር ነው፤ እጃችሁ ከላይ እስከ ታች ለመድረስ ሦስት አራት ሰከንድ ይፍጅበት። ለእኛ እጅግ የዘገየ ይመስለናል። ለሕፃኑ ልክ ነው።

ይህን ኃይል በአገራችንም በሳይንስ አይተነዋል። ያለጊዜያቸው ወይም ከሲታ ሆነው የተወለዱ ሕፃናትን ራቁታቸውን በእናት ደረት ላይ አድርጎ ማቆየት፣ የካንጋሮ እንክብካቤ የምንለው፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ ቦጎታ ነው የተጀመረው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ውስጥ ዶ/ር ቦጋለ ወርቁና የሥራ ባልደረባቸው ገና ከጅምሩ እንዲሰጥ አድርገው ፈተኑት። በ2005 የወጣው ውጤት በእናታቸው ደረት ላይ የቆዩት የተሻለ በሕይወት እንደተረፉ አሳየ። እዚያ ምንም ካርታ የለም፤ ቆዳ ለቆዳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ለቅሶው። ብዙ እናት ሪፍሌክሶሎጂን የምትፈልገው ማታ ማታ በሚመጣው፣ ጡትም ማዘልም እሹሩሩም በማያቆመው ለቅሶ ምክንያት ነው። ሐኪሞች ኮሊክ ይሉታል። ሞሪስ ዌሰል የሚባል አሜሪካዊ የሕፃናት ሐኪም በ1954 መለኪያ አበጀለት፦ በቀን ከ3 ሰዓት በላይ፣ በሳምንት ከ3 ቀን በላይ፣ ከ3 ሳምንት በላይ የሚያለቅስ ጤነኛ ሕፃን። ልብ በሉ፣ «ጤነኛ» ነው የሚለው። ለቅሶው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ይጀምራል። ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ይብሳል። ሦስት አራት ወር ሲሆን በራሱ ይተዋል።

እናቲቱ መፍትሔ ፍለጋ የምትወጣው መቼ ነው? ሲብስባት ነው። ስድስተኛው ሳምንት ላይ። ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነገር ሁሉ «ሠራ» ይባላል፤ እግር ማሸቱም፣ ጠብታውም፣ የጎረቤት ምክሩም። ልጁ በራሱ ሰዓት እየተሻለው ነው። ይህን ማወቅ ለእናት ትልቅ እረፍት ይመስለኛል። ጥፋቱ የሷ አይደለም፤ ያልተጫነችው ነጥብም የለም።

ከሚጎዱት መፍትሔዎች ጋር ሲወዳደር ግን እግር መዳበስ ብዙ ይሻላል። እኛ ዘንድ ሆዱን ለቆረጠው አራስ ጤና አዳም የተነከረበት ውሃ ወይም ቅቤ ማዋጥ የቆየ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላው ከእናት ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም፤ ውሃም ቢሆን። ለቅሶውን ከጥርስ ጋር አያይዞ ግግ ማስወጣትም አደገኛ ነው፤ ደም ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ያመጣል። አያቶች ልጁን ለመርዳት ሲጨነቁ «ኑ እማማ፣ እርስዎ ባቱን ይዳብሱልኝ» ማለት ሁለቱንም ወገን ያሳርፋል።

አደራረጉ እንዲህ ነው። ጡት ከጠባ ግማሽ ሰዓት ያህል ይለፈው። እጃችሁን ታጠቡና አሙቁ፤ ቀለበት አውልቁ፣ ጥፍር ያጠረ ይሁን። ልጁ በደንብ ነቅቶ፣ ሳይርበውና ሳያለቅስ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ደገፍ አድርጉ። በሌላው ከጉልበት ወደ ታች ቀስ ብላችሁ ውረዱ፣ የእግሩን ጀርባ ጨምሩ። ከዚያ በአውራ ጣት ከተረከዝ ወደ ጣቶች ሂዱ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱን ጣት በሁለት ጣታችሁ ያዝ ለቀቅ አድርጉ። ለአንድ እግር አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ፊቱን ካዞረ፣ እግሩን ከነጠቀ ወይም ጀርባውን ከለጠጠ በቃኝ ማለቱ ነው፤ አቁሙ። ዘይት ግዴታ አይደለም። ከፈለጋችሁ ሽታ ያልተጨመረበት የሱፍ ዘይት ትንሽ ይበቃል።

ጣቶቹ ጋ ስትደርሱ አንድ ነገር እዩልኝ። ከወሊድ በኋላ የእናት ፀጉር በብዛት ይረግፋል። አንዲት ዘለላ ካልሲ ውስጥ ትገባና የሕፃኑ የእግር ጣት ላይ ትጠመጠማለች። ቀጭን ስለሆነች አትታይም። ጣቱ እያበጠ፣ ፀጉሯ ሥጋ ውስጥ እየሰመጠች ትሄዳለች። ልጁ ምክንያቱ ሳይታወቅ ያለቅሳል። በጊዜ ካልተነሳች ጣቱን እስከማሳጣት ልታደርስ ትችላለች። ካልሲውን አውልቃችሁ በጣቶቹ መሃል እየገለጣችሁ ተመልከቱ። ጣት ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ካበጠና ፀጉሩን ማውጣት ካቃታችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። እግር የመዳበስ ልማድ ለዚህ ብቻ እንኳ ይጠቅማል።

እግር ማሸት ቀርቶ ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ነገሮችም አሉ። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተኮሰ። ጡት እንቢ ካለ። ትንፋሹ ከፈጠነ። ትውከቱ አረንጓዴ ከሆነ፣ ሰገራው ደም ካለው። እርግብግቢቱ ካበጠ። ለቅሶው ድንገት ተለውጦ ሰርሳሪ ከሆነ። ዝሎ ካልነቃላችሁ።

እናንተም ትደክማላችሁ። ለቅሶው ከአቅም በላይ ሲሆን ልጁን በጀርባው አስተኝታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ወጥታችሁ ተንፍሱ። ማልቀሱ አይገድለውም፤ በንዴት ይዞ መነቅነቅ ግን አንጎሉን ይጎዳዋል።

ሁለት ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ ሌላ ነው። ቀላል ዳሰሳ ይኮረኩረዋል። እጃችሁን ሙሉ በሙሉ አሳርፋችሁ ያዙት። አስቀድማችሁ ጠይቁት፤ «እግርህን ልዳብስልህ?» እምቢ ካለ እምቢ ነው። እሺ ካለ ደግሞ ከመኝታ በፊት፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ እየቆጠራችሁለት ይሁን። ስለ ውሎው የሚያወራው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ባለሙያ ጋ መሄድ ከፈለጋችሁ ሂዱ፤ አንዲት እናት ተቀምጣ የሚያግዛት ሰው ማግኘቷ በራሱ ጥሩ ነው። ግን ባለሙያዋ እግሩን አይታ «አንጀቱ ተዘግቷል» ወይም «ጉበቱ ደክሟል» ካለቻችሁ አትመኗት። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ተዉት ወይም ክትባቱን አቆዩት ካለች ደግሞ ካልሲውን አልብሳችሁት ውጡ።