የፀጉር እጥበት በኢትዮጵያ

በየስንት ቀኑ ፀጉር መታጠብ እንዳለበት በእኛ አገር ሲወስን የኖረው ሹሩባው ነው። ሹሩባ ሲፈታ ፀጉር ይታጠባል። እስኪፈታ ድረስ አይነካም። በከተማ ይህ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ነው፤ ገጠር ከዚያም ይረዝማል።

ሳሙና ባልተለመደበት ዘመን እንዶድ ነበር። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል፤ ልብስም ፀጉርም ይታጠብበታል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ያዩት በዚሁ ፍሬ ምክንያት ነው። እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት እሳቸው ናቸው። ከርዕሳችን ትንሽ ቢወጣም ዝም ተብሎ አይታለፍም። በአፋር ደግሞ የቁርቁራ ቅጠል ለፀጉር መታጠቢያ ይውላል።

የእጥበቱ ትልቁ ምዕራፍ ግን ቅቤ ነው። የሚፈለገው ለጋ ቅቤ ነው፤ ያልተነጠረ፣ ቅመም ያልገባበት። ራስ ላይ ይደረግና ሻሽ ይታሰራል። ከዚያ ፀሐይ ላይ ቁጭ ማለት ነው። ቅቤው ሲቀልጥ በግንባርና በጆሮ ግንድ ቁልቁል ይወርዳል፤ ልጆች «ዓይኔ ገባ!» እያሉ ይነጫነጫሉ። ማጠቢያው ውሃ ሞቅ ያለ መሆን አለበት፤ በቀዝቃዛ ከሆነ ቅቤው እዚያው ይረጋል። የመጀመሪያው ሳሙና አረፋ አይሰጥም። ሁለተኛው ትንሽ ይሰጣል። በሦስተኛው ፀጉሩ ለስልሶ ለሚዶ ይመቻል። ሽታው ግን ቶሎ አይለቅም። ለዚህ ነው የቢሮ ሰው ቅቤን ለቅዳሜ የሚያቆየው።

ቅቤ ፀጉር ያሳድጋል? እናቶቻችን አዎ ይላሉ። ፀጉር ከሥሩ በወር 1 ሴንቲሜትር አካባቢ ያድጋል፤ ቅቤ ይህን አያፈጥነውም። ቅባት ግን ፀጉሩ እንዳይደርቅና እንዳይሰበር ይረዳል፤ ያልተሰበረ ፀጉር ደግሞ ይረዝማል። ስለዚህ እናቶቻችን አልተሳሳቱም ማለት ይቻላል።

ከርዳዳ ፀጉር ቶሎ ቶሎ መታጠብ የማይወድበት ምክንያት ቀላል ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በተጠቀለለ ፀጉር ላይ እስከ ጫፍ መድረስ ያቅተዋል። ሉጫ ፀጉር ላይ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ከርዳዳውን በየቀኑ ማጠብ ያችኑ ጥቂት ወዝ መግፈፍ ነው። የልብስ ሳሙና ከሆነማ የባሰ ነው፤ ፀጉሩን እንደ ገለባ ያደርቀዋል። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች አካዳሚ ለጥቁር አሜሪካውያን ፀጉር የሚመክረው በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ መታጠብን ነው። የሹሩባው ቀጠሮም ከዚሁ ጋር ይገጥማል።

ስፖርት የሚሠራ ወይም ፎረፎር ያለበት ሰው ግን ከዚህ ቀረብ አድርጎ ቢታጠብ ይሻለዋል። ፎረፎርን የሚያባብሰው ፈንገስ የሚኖረው በቅባት ነው። ስለዚህ ለፎረፎር ብሎ ቅቤ መቀባት፣ ምንም እንኳ በየቤቱ የሚሠራበት ቢሆን፣ አይመከርም።

ሹሩባ ሲፈታ እፍኝ ፀጉር ሲወጣ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። ሹሩባው የረገፈውንም ይዞ ያቆየዋል። የሁለት ሳምንቱ አንድ ላይ ሲወጣ ከ700 እስከ 1,400 ይደርሳል። የእጥበቱ ጥፋት አይደለም።

ፀጉር ቤት ሌላ ዓለም ነው፦ ቢጎዲን (መጠቅለያው)፣ ካስክ (ማድረቂያው)፣ ፔስትራ (መተኮሻው)። እዚያ የተሠራ ፀጉር ውሃ እንዳይነካው ይጠበቃል፤ ገንዘብ ወጥቶበታል። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የውሃ ፈረቃ አለ። ቀኑን የሚቆርጠው ቧንቧው የሆነበት ቤት ብዙ ነው።

የበዓል ዋዜማ ሁሉንም ልማድ ያፈርሳል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለጥምቀት፣ በሰሜኑ ለሻደይና ለአሸንዳ፣ ቀኑ ደረሰም አልደረሰም ፀጉር ይታጠባል፣ ይሠራል። በጥድፊያው ፀጉሩ ሳይደርቅ የሚጎነጎንበት ጊዜ አለ። እርጥብ ፀጉር ሲወጠር በቀላሉ ይበጠሳል፤ ታፍኖም ይሸታል። ጠበቅ ያለ ሹሩባ ሲደጋገም ደግሞ የግንባሩ ዳር ይሳሳል። ሹሩባ ሠሪዋን «እባክሽ ከፊት ላላ አድርጊልኝ» ማለት ነውር የለውም።